ጠፋ ወይስ ራቀ?

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ታላቅ ወንድሜን ሊገድለው እንደሆነ አወቅኩ። በምን እንደሚገድለውም አውቅ ነበር፤ ግቢያችን ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር በቆመው አሮጌ ቀይ የእሽቅድድም ሞተር ሳይክል።

እሺ፣ ሳቁ። አሁን እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ወንድሜ ከጎኔ ካለው ፍራሽ ላይ ሲተነፍስ እያዳመጥኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ትልቅ ሰው ሲፈራ ይጸልያል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ቢብስበት ይጠጣል። ልጅ ምን አላት? ፍርሃቷን ታቅፋ ነው የምታድረው።

አባዬ ዕድሜውን በአውቶቡስ ጋራዥ የጨረሰ መካኒክ ነው። የናፍጣ ሞተር ሥር ሲተኛና ሲነሳ ኖሮ ጆሮው አለቀ። ግራ ጆሮው ሥር ተጠግተው ከጮሁለት ትንሽ ትንሽ ይሰማል፤ ቀኙን እማዬ "እሱማ የመነጽር ማንጠልጠያ ነው" ትለዋለች። ከፊደል ጋር ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ተኳርፎ የኖረ ሰው ስለሆነ ጽፈውም አያሳዩትም። ጋራዡ ሲያሰናብተው ዕቃውን ተሸክሞ ቤት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ጋራዥ ሆነ። የሞተር ድምፅ መስማት ሲያስፈልገው እኔን ይጠራል።

"ነይ እስቲ ጆሮዬ!"

ስሜ እሱ ነበር። ሮጬ እሄድና ሞተሩ ላይ ተደፍቼ አዳምጣለሁ። "ከታች በኩል ኳ ኳ ይላል አባዬ!" ብዬ እጮህለታለሁ። እሱ ጣቶቹን ብረቱ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ "አዎ፣ አገኘኋት" ይላል። እንደዚያን ጊዜ ኮርቼ አላውቅም። ስዳርም እንዲያ አልኮራሁም።

ቀዩን ሞተር ያመጣው አንድ ደንበኛ ነው፤ አምጥቶት ሳይመለስ ቀረ። አሮጌ ቢሆንም በዘመኑ የተፈራ ነበር፤ አራት ሲሊንደር፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ካርቡሬተር። ካርቡሬተር ነዳጅና አየር ቀላቅሎ ሞተሩን የሚመግበው ዕቃ ነው። ዛሬ ያን ሥራ ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ ያኔ ግን ልኩ የሚገኘው በእጅና በጆሮ ነበር። ያ ደንበኛ ጉልበት ይጨምርልኛል ብሎ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ነቅሎ ጥሎታል፣ ድምፁን የሚያፍነውን ማርሚታም ከጭስ ማውጫው ላይ ቆርጦ አንስቶታል። ሞተሩ ሲነሳ ሰፈሩ ይናወጣል፤ ዳገት ሲያይ ግን ወገቡ ይቆረጣል። አባዬ "ጩኸትና ጉልበት አንድ የመሰለው ሰው ነው እንዲህ ያደረገው" ይል ነበር።

ዓመት ሙሉ አቧራ ለብሶ ቆመ። ወንድሜ ሊነካው ሲል አባዬ ይቆጣዋል፤ አንድ ቀንማ "ይሄ ሰው በላ ነው አላልኩህም!" ብሎ በጥፊ አጮለው። ከዚያ ዝናቡ እንደገባ ያው አባዬ ራሱ ሽፋኑን ገፈፈና "ና፣ ጉልበቱን እንመልስለታለን" አለው። ሰው በላ ያለውን! ለገዛ ልጁ! የመጀመሪያው ማስረጃዬ ይሄ ነበር።

ሁለተኛው ጠባቸው ነው። ሰላም ውለን በድንገት አባዬ ሞተሩን ያስነሳና ነዳጁን ይሰጠዋል። ወንድሜ በግራ በኩል ይጠጋዋል። ከዚያ ሁለቱ አፋቸውን እስከ ጥግ ከፍተው ይጯጯሃሉ፤ የአንገታቸው ሥር ይገተራል። ወንድሜ እጁን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ዳገት ይወረውራል፣ አባዬ በጡጫው መዳፉን ይመታል። ሞተሩ ስለሚውጠው አንድም ቃል አይሰማኝም። እማዬ ኩሽናው በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ትይዛለች። ሞተሩ ሲጠፋ ጠቡም ይቆማል፤ ወንድሜ ምንም እንዳልተፈጠረ "እሺ አባዬ" ብሎ ካቻቢቴውን ያቀብለዋል።

አሁን ገብቶኛል። ለማይሰማ ሰው ሹክ ማለት አይቻልም። ከቆርቆሮ አጥራችን ማዶ ደግሞ የሰፈሩ ጥበቃ ኃላፊ ነበር የሚኖረው። ያን ሰሞን ወታደር የጫነ ፒክአፕ እየዞረ ጢሙ ያቆጠቆጠውን ወጣት ሁሉ ያፍስ ነበር፤ የማን ቤት ማን እንዳለ የሚጠቁማቸው ያ ሰው ነው። የታፈሰ ሲመለስ አልታየም። ወንድሜን ለማሸሽ መመካከር ነበረባቸው፤ ከአባዬ ጋር ለመመካከር ደግሞ መጮህ ግድ ነው። ስለዚህ ሞተሩን አስነስተው ከድምፁ ሥር ይነጋገሩ ነበር። እኔ ጠብ ብዬ የተንቀጠቀጥኩበት ሁሉ ምክር ነበር።

ለምን እንደደበቁኝ እማዬ በኋላ ነግራኛለች። "የልጅ ነገር ጥሬ ብስል ነው፤ አንቺ ደግሞ አፍሽ ክዳን አልነበረውም" አለችኝ። እውነቷን ነው።

አንድ ቀን ታዲያ በዚያ ጩኸት መሀል ሞተሩ ከራሱ ጠፋ። እማዬ ያን ቀን እሷም ገብታበት ነበር።

"ልጄን ለዚህ ብረት ልታስበላብኝ ነው!" የሚለው ድምፅዋ ግቢው ላይ ባዶውን ቀረ።

አባዬ ግን ሞተሩ መጥፋቱን የት ሰምቶ! እንደጀመረው ቀጠለ፤ "እዚህ ቁጭ ብሎ ከሚሞት መንገድ ላይ ይሙት! መንገድ ላይ ይሙት እያልኩሽ ነው!"

እማዬ ዘላ አፉን በሁለት እጇ አፈነችው። ሁሉም ወደ አጥሩ ዞሩ። ከማዶ ሳል ተሰማ።

"ምነው ጎረቤት፣ ሰላም ነው?" አለ ኃላፊው።

"ሰላም ነው!" አለች እማዬ። "ይሄ ልጅ በሞተር ካልተወዳደርኩ ብሎ አባትየውን አናደደው!"

"አይ ወጣት! መቼ ነው ውድድሩ?"

"እሁድ" አለች፤ አፏ ላይ የመጣላትን።

እኔ ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ነበርኩ። እዚያው ቁጭ አልኩ። በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ አባዬ ወንድሜ መንገድ ላይ እንዲሞት ይፈልጋል።

ሥራው ግን ቀጠለ። አባዬ የማጣሪያውን ሳጥን ከዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ አዲስ ሠራ፤ ማርሚታም ከሌላ ሞተር አምጥቶ በየደለት። ወንድሜን ሲያስተምረው "አየርና ነዳጅ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ከበዛ ቤቱ ይቃጠላል" ይለዋል፤ እማዬ ደግሞ ከኩሽና ሆና "ለራስህ ንገረው!" ትላለች፤ እሱ አይሰማትም።

ነዳጁ የሚያልፍባት፣ ጅግለር የሚሏት፣ ከሽንብራ የማትበልጥ የነሐስ ብሎን አለች። መሀሏ ላይ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለች፤ የሞተሩ ጉልበት በእሷ ልክ ነው። ያ ደንበኛ አራቱንም በሚስማር ጎርጉሮ አስፍቶ አበላሽቷቸዋል። አባዬ ቀዳዳቸውን በእርሳስ ደፈነና እንደገና ሊበሳቸው ቀጭን መሰርሰሪያ ፈለገ። የሰፈሩ ሰዓት ጠጋኝ፣ ባለሰዓቱ የምንላቸው ሽማግሌ፣ የራሳቸውን በመሀረብ ጠቅልለው አመጡለት። ሲወጡ በሩ ላይ እማዬን ጠጋ ብለው በዝግታ ተናገሯት።

"ሐሙስ ነው የሚሻለው፤ ምሳ ሰዓት ላይ። ሁለት ብቻ ይቀራሉ።"

እማዬ ግድግዳውን ያዘች።

ሐሙስ። ሁለት ብቻ ይቀራሉ። እኛ አራት ነን፤ አባዬ፣ እማዬ፣ ወንድሜና እኔ። ሁለት ብቻ ከቀረን፣ ከወንድሜ ሌላ የሚሞተው ማን ነው? ጣቶቼን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ ሌላ መልስ አጣሁ። አባዬ ራሱን አይገድልም። እማዬን ደግሞ ቢገድላት ማን ያበስልለታል? ያው እኔ ነኝ። ባለሰዓቱ ሱቃቸው ከድልድዩ ኬላ ፊት ለፊት እንደሆነና ምሳ ሰዓት ላይ ኬላው ላይ ስለሚቀሩት ወታደሮች እያወሩ እንደነበር ማን ይንገረኝ?

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ አባዬ የወንድሜ ፍራሽ ላይ ተንበርክኳል። እጁ ላይ ቢላዋ አለ። ወንድሜ የለም። አባዬ የፍራሹን ልብስ ሰንጥቆ፣ ውስጡን ቆርጦ፣ አንድ ጉማጅ አውጥቶ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። የተቀደደውን በመዳፉ ደባብሶ ብርድ ልብሱን መለሰበትና በእግሩ ጣት እየረገጠ ወጣ። እኔ ዓይኔን በግማሽ ጨፍኜ ነበር፤ ልቤ ግን አልጨፈነም። ተመልሶ የሚተኛበት ቢሆን ፍራሹን ይቀድደው ነበር? ይህን ለእማዬም አልነገርኳትም። መናገሩ ራሱ የሚያስገድለው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ እኔንም ሥራው ውስጥ አስገባኝ። አራቱ ካርቡሬተሮች እኩል ካልተነፈሱ ሞተሩ እርስ በርሱ ይጓተታል። አባዬ የጎማ ቱቦ አመጣና አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ፤ ሌላውን ጫፍ በየተራ ካርቡሬተሮቹ አፍ ላይ ይይዛል። ሽሽሽ ይላል፤ እስትንፋስ ነው። የአንደኛው ወፍራም፣ የሁለተኛው እንደዚያው፣ የሦስተኛው ቀጭን፣ የታመመ።

"እኩል ናቸው?"

ዋሽቼ ራሴን ነቀነቅኩ። ሞተሩ ከታመመ ወንድሜ አይሄድም ብዬ ነው። አባዬ ፊቴን አየኝ። ቱቦውን ሦስተኛው ላይ መልሶ እንደገና ጠበቀኝ።

"ጆሮዬ ዋሽታኝ አታውቅም" አለ።

እንባዬ መጣ። "ሦስተኛው ደካማ ነው" አልኩ። ብሎኗን በጥቂቱ ሲያዞራት እስትንፋሱ ወፈረ። አራቱም እኩል ተነፈሱ፤ እኔ ደግሞ ወንድሜን በገዛ እጄ ቀበርኩት ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። አባዬ ቱቦው ጆሮዬን ያሳመመኝ መስሎት አሸልኝ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሙከራው ነበር። ከድንጋይ ካባው ጀርባ ቀጥ ያለ መንገድ አለ። ወንድሜ ሞተሩን አሙቆ፣ ማርሹን እስከ መጨረሻው ቀይሮ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ጥግ ጠምዝዞ ይለቀዋል። ድምፁ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከጉብታው ጀርባ ይሰወራል፤ ከዚያ ጭጭ። ቀስ እያለ የሚበርድ እንዳይመስላችሁ፤ በመቀስ ነው የሚቆረጠው።

አባዬ ወደ እኔ ጎንበስ ይላል። "ጠፋ?"

"ጠፋ።"

ፈገግ ይላል!

የመጀመሪያ ቀን እየጮህኩ ወደ ጉብታው ሮጥኩ። ወንድሜ ሞተሩን እየገፋ፣ በላብ ተጠምቆ ብቅ አለ። "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ እግሩን አቅፌ አልለቅም አልኩ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ልቤ ያው ነበር፤ ጸጥታው በመጣ ቁጥር ሞተ እላለሁ፣ ብቅ ሲል ተረፈ እላለሁ። አባዬ ግን ሁሌም ያቺን ፈገግታ ይፈግጋል፤ ከዚያ ካንዴላውን ይፈታል። ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭረው ናት። አባትና ልጅ አንገታቸውን አቀርቅረው ጫፏን ያዩዋታል።

"ነጭ ናት" ይላል አባዬ። "ነዳጅ አንሶታል። እንዲህ ሆኖ ዳገቱን ከጀመረ መሀል ላይ ፒስተኑ ይቀልጣል።"

በሌላ ቀን ደግሞ ጥቀርሻ ለብሳ ጥቁር ትመጣለች፤ በዝቶበታል ማለት ነው። የካንዴላ ቀለም እውነቱን የሚናገረው ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ላይ እያለ በድንገት ከጠፋ ብቻ ነው፤ አዝግሞ ከቆመ ቀለሙ ይዋሻል። አባዬ ጸጥታውን የሚወደው ልጁ እንደታዘዘው ማድረጉን ስለሚያበስረው ነበር። ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ!

በመጨረሻ ካንዴላዋ የሻይ በወተት ቀለም ይዛ መጣች። ወንድሜ ጮቤ ረገጠ። ሞተሩ ድሮ እንደነበረው አይጮህም፤ ድምፁ ወፍሮና ታፍኖ ነበር፤ ግን የካባውን አቀበት ሲወጣ ጠጠሩን ወደ ኋላ ይረጨዋል። አባዬ ግን አልሳቀም። ካንዴላዋን እንደያዘ ዳገቱን ሲያይ ቆየ።

ሐሙስ ዝናቡ ጠዋት አቆመ። እማዬ ቁርስ አቅርባ እሷ አልበላችም። ወንድሜ የአባዬን ወፍራም ጃኬት ለበሰ። እሷ ቁልፎቹን እየቆለፈችለት አንዱን ሦስት ጊዜ ፈትታ ቆለፈችው። እኔን ግንባሬን ሳመኝ፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ስሞኝ አያውቅም ነበር፤ የእሱ ነገር ኩርኩም ነው።

"ጋሼ፣ እሁድ አይደል እንዴ ውድድሩ?" አልኩት።

"ዛሬ ሙከራ ነው።"

አባዬ ሄልሜቱን አጠለቀለትና ማሰሪያውን አገጩ ሥር ሳበው። በጣም ሳበው። የወንድሜ ዓይን እንባ ሞላ። አባዬ እጁን እዚያው አንገቱ ላይ አቆይቶ አልለቅም አለ። አነቀው ብዬ ልጮህ ስል ለቀቀው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ነይ ጆሮዬ።"

ሁለተኛዋ እኔ ነኝ ብዬ አላልኩም? እማዬን አየኋት፤ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራለች። አባዬ እጄን ይዞ ወደ ካባው የድንጋይ ክምር ወሰደኝና ጫፉ ላይ አወጣኝ። ከዚያ ሆኖ መንገዱ ቁልቁል ወደ ኬላው ይወርዳል፤ ከኬላው ሥር ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ ዳገት፤ ከዳገቱ ወዲያ የማን አገር እንደሆነ አላውቅም ነበር። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ከድልድዩ ሌላ መሻገሪያ አልነበረም። ጉም ወርዶ ምንም አይታይም፤ የሚሰማው ብቻ ነው ያለው። እሱም ያለው እኔ ጋ ነው።

ሞተሩ ተነሳ። ወደ ታች ወረደ።

"ጠፋ?" አለ አባዬ።

"አልጠፋም።"

"ጠፋ?"

ድምፁ ተቆረጠ። በመቀሱ። "ጠፋ" አልኩ።

ፈገግታውን ጠበቅኩ። አልመጣም። እጄን እስኪያመኝ ጨመቀው።

"ተነሳ?"

እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። "አልተነሳም።" ወንዙ ብቻ ነው የሚሰማው። ውሻ ጮኸ። ሰው ተጣራ።

"ተነሳ?"

"አልተነሳም አባዬ።"

አሁን ገብቶኛል፤ ወንድሜ ሞተሩን አጥፍቶ በቁልቁለቱ ድምፅ ሳያሰማ እየተንሸራተተ ነበር፤ ምሳ የያዙት ሁለቱ ወታደሮች ቀና ሳይሉ በኬላው መዝጊያ እንጨት ጫፍ ሾልኮ ድልድዩን ሊሻገር፣ ከዚያ ማርሽ አስገብቶ ሊያስነሳው። ካልተነሳስ? የአባትና የልጅ የሁለቱም ነፍስ እዚያች ጸጥታ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። እኔ ግን በቃ፣ ሞተ፣ ቀጥሎ እኔ ነኝ ብዬ ወደ ካባው ገደል አፍ አየሁ።

"ተነሳ? ንገሪኝ እንጂ!"

ከጉሙ ውስጥ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ። ደግሞ ሳለ። ከዚያ ያዘ።

"ተነሳ! አባዬ ተነሳ!"

"ሌላስ? ሌላ ድምፅ አለ?"

ነበረ። የመኪና በር፣ ጩኸት፣ ከዚያ የፒክአፑ ሞተር። ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ማን ይበልጣል?"

"መኪናው..."

"አሁንስ?"

"እኩል... ጋሼ! ጋሼ ይበልጣል! ማርሽ ጨመረ!"

ዳገቱ ጠመዝማዛ ነው፤ ድምፃቸው ይመጣል፣ ይሰወራል፣ ደግሞ ከፍ ብሎ ይመጣል። የመኪናው እያቃሰተ ቀረ፤ ከዚያ ቆመ። የወንድሜ አልቆመም። አራቱም እኩል ሲተነፍሱ ከዚያ ድረስ ለየኋቸው። ቀጠነ። የትንኝ ያህል ሆነ። ከዚያ ነፋሱ ብቻ ቀረ።

"አሁንስ?"

"አይሰማም።"

አባዬ ትከሻዬን በሁለት እጁ ያዘኝ። እንዲያ ዓይነት ዓይን አይቼበት አላውቅም። "ጠፋ ወይስ ራቀ? በደንብ አስቢ! ጠፋ ወይስ ራቀ?"

"ራቀ አባዬ። አልተቆረጠም። ቀጠነ፣ ቀጠነ... ራቀ።"

እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተዘርፍጦ አለቀሰ። የማይሰማ ሰው ለቅሶውን መመጠን አይችልም፤ ካባው ሁሉ አስተጋባ። እኔስ? ደስ አለኝ! አምልጦታል፣ ሊገድለው አልቻለም ብዬ ነው። በሆዴ "እሰይ! አበጀ!" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ወታደሮቹ መጡ። በሰፈሩ ሞተር ያለው ቤት የእኛ ብቻ ነበር። ቤቱን በረበሩ፣ የተቀደደውን ፍራሽ ገለበጡ፣ አለቃቸው አባዬን ግድግዳ አስደግፎ "ልጅህን የት ላክኸው?" ብሎ አፈጠጠበት።

"ጎማ አልጠግንም ጌታዬ" አለ አባዬ።

በጥፊ መታው። አባዬ "ጮክ በሉልኝ" አለ። እውነት ሳይሰማ ቀርቶ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አለቃው ተስፋ ቆርጦ ወደ እኔ መጣና ቁጢጥ አለ።

"አንቺ ሚጢጢ፣ አባትሽ ወንድምሽን የት ላከው?"

እኔ እውነቱን ተናገርኩ፤ የማውቀውን እውነት።

"አልላከውም። ሊገድለው ነበር። ፍራሹንም በቢላዋ ቀደደው። ጋሼ አመለጠው።"

ኃላፊው ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ "እውነቷን ነው" አለ። "ሌት ተቀን ሲጣሉ እሰማለሁ። 'መንገድ ላይ ይሙት' ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።" አለቃው አባዬን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ምራቁን ተፋና "አንተን ብሎ አባት!" ብሎ ወጣ። ወታደሮቹ ተከተሉት።

አባዬ ያን ሁሉ አልሰማም። የእኔን አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየው። "ምን አለች?" ብሎ እማዬን ጠየቃት። እማዬ ምን ትመልስለት? ከአጥሩ ማዶ ሰው አለ፤ ድምፅ የሚሸፍን ሞተር የለም። እንግዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር ለአባዬ መንገር አይቻልም ነበር። ለእኔም ማንም ምንም አላስረዳኝም። "ነይ ጆሮዬ" ሲለኝ እማዬ ቀሚስ ጀርባ እደበቃለሁ። ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ስቀር ጣቶቹን ብረቱ ላይ አሳርፎ ብቻውን ይሞክራል። ዓመት ሊሞላ እንዲያ ኖርን። የወንድሜን ድምፅ ሳንሰማ።

አንድ ቀን ባለሰዓቱ እየሮጡ መጡ። ሲሮጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ሱቃቸው ውስጥ ስልክ አለ፤ ተከትለናቸው ሮጥን። ፒክአፑ መምጣት ካቆመ ቆይቷል፤ እኛ ግን አንገታችንን ደፍተን መሄድ ለምዶብናል። እማዬ እጀታውን ይዛ "ልጄ" ብላ ቀረች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። ለእኔ ሰጠችኝ።

"ሚጢጢ፣ አንቺ ነሽ?"

ድምፁ ወፍሯል። ግን እሱ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የያዝኳት ጥያቄ ብድግ አለች። ጀርባዬን ለአባዬ ሰጥቼ በዝግታ "ጋሼ፣ አባዬ ሊገድልህ ነበር አይደል?" አልኩ።

"ማን? አባዬ?" አለ። "ማን ነው እንዲህ ያለሽ?"

"ፍራሽህን ቀደደው። እንዳትመለስ።"

መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቁ ተበላሸበት። "አንቺ ሞኝ! የፍራሹን ስፖንጅ ለአየር ማጣሪያው ነው የወሰደው፤ ቤንዚን ይብላት አይብላት እየነከረ ሞክሮ፣ ዘይት ቀብቶ። ሞተሩ ያን ዳገት ሙሉ የተነፈሰው በፍራሼ ነው። እሱ ባይኖር ድልድዩ ላይ ያዙኝ ነበር። ሰማሽ? አባዬ ነው ያወጣኝ።"

ዞር አልኩ። አባዬ አጠገቤ ቆሟል። የሁለት ጣቱን ጫፍ እጀታው ጀርባ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኗል፤ የልጁን ድምፅ እንደ ሞተር ሊዳስሰው ነው። ያን ጊዜ ነው ጥፊው፣ ፈገግታው፣ ማሰሪያው፣ ለቅሶው፣ ሁሉም አንድ ላይ የወረዱብኝ።

መስመሩ ተቋረጠ። ጣቶቹ ሥር የነበረው ነገር ሲቆም አባዬ ዓይኑን ገለጠ።

"ጠፋ?" አለኝ፤ እንደ ድሮው፣ ግን ፈራ እያለ፤ እንደማልመልስለት ስለለመደ ነው።

አንገቱን ጎትቼ አጎነበስኩት፤ አፌን ግራ ጆሮው ላይ አደረግኩ። ባለሰዓቱ "ቀስ፣ ቀስ" አሉ፤ ኬላው ፊት ለፊት ነው፣ ኃላፊውም እዚያ ከወታደሮቹ ጋር ቆሟል። የሚሸፍን ሞተር የለም። ባለ በሌለ ጉሮሮዬ ጮህኩ።

"አልጠፋም አባዬ! ርቆ ነው! አለ!"

መንገዱ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ይስማ።